በልጄ ግንባር ላይ የታየው መስመር



የልጇን እርግብግቢት በመዳፏ ያልዳበሰች እናት አትኖርም። እኔም የበኩር ልጄን ወልጄ አራስ ሳለሁ፣ እናቴ የሕፃኗን አናት በለጋ ቅቤ ትቀባት ነበር። ዓመት ከመንፈቅ ሲሆናት እርግብግቢቱ ጠነከረና «አሁን ገና ጭንቅላቷ ገጠመ» ብለን እፎይ አልን። ለካስ መግጠሙ ገና ኖሯል።

ይህችው ልጅ 14 ዓመት በሞላት ሰሞን ከደረጃ ተንሸራታ ግንባሯን ተመታች። ሁለት ጊዜ አስመለሳት፤ እንቅልፍ እንቅልፍም አላት። ያን ዕለት ጠዋት ለፈረቃዬ ስቻኮል ደረጃውን በሳሙና አጥቤ ሳላደርቀው የሄድኩት እኔው ነበርኩ። ይህን ለባለቤቴ እንኳ አልተናገርኩም።

ከሐኪም ቤት እንደደረስን ሲቲ ስካን ታዘዘላት። ፊልሙን ያየው ወጣት ሐኪም ከአፍንጫዋ ሥር ተነሥቶ በግንባሯ መካከል ወደ ላይ የሚወጣ መስመር አሳየኝና «ስብራት ሳይሆን አይቀርም» አለኝ። ጉልበቴ ከዳኝ። ደረጃው፣ ሳሙናው፣ ባልዲው በዓይኔ ላይ ዞረ።

ኋላ ግን በዕድሜ የገፉ የራጅ ሐኪም መጥተው ፊልሙን ደጋግመው አዩና «አይዞሽ፣ ይህ ስፌት ነው» አሉኝ። የራስ ቅል እንደ ስሙ እንደ ቅል አንድ ወጥ አይደለም፤ ከብዙ አጥንቶች የተጋጠመ ነው። አንጎል ሲያድግ ቅሉ አብሮ እንዲሰፋ መጋጠሚያዎቹ ቶሎ አይዘጉም። የግንባሩ ስፌት አብዛኛውን ጊዜ ልደት ሳይከበር ይዘጋል፤ አንዳንድ ሰው ላይ ግን ዕድሜ ልክ ይቀራል፣ ጉዳትም የለውም። ስብራት ጠርዙ ስለታም ሆኖ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ስፌት ግን እንደ መጋዝ ጥርስ ይጠማዘዛል። ሌሎቹ ትልልቅ ስፌቶች በጉርምስና ዘመንም ክፍት ናቸው። ከራስ ቅል ሥር ያለው አንድ መጋጠሚያ ግን በዚሁ በጉርምስና ይዘጋል፤ ሴቶች ልጆች ወንዶቹን በሁለት ዓመት ገደማ ይቀድማሉ።

ይህን ዱሮ ሊቃውንት የሚያጠኑት በሙታን አጥንት ነበር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1971 ለንደን ውስጥ የመጀመሪያው ሕመምተኛ በሲቲ ስካን ከታየ ወዲህ፣ መሣሪያው ጭንቅላትን እንደ ዳቦ በስሱ እየከፋፈለ ስለሚያሳይ በሕይወት ባሉ ወጣቶች ላይ ማየት ተቻለ። ያም ሆኖ አንዷ ቀድማ ሌላዋ ዘግይታ ስለምትገጥም፣ የልጅን ዕድሜ በዚህ ብቻ ቆርጦ መናገር አይቻልም።

እኔ ግን አልረካሁም። «በሳምንቱ ድገሙልኝ» ብዬ ሙጭጭ አልኩ። ሐኪሙ እምቢ አሉ። የሲቲ ስካን ጨረር ከተራው ራጅ ብዙ እጥፍ ነው፤ በማደግ ላይ ያለ ሰውነት ደግሞ ለጨረር ይበልጥ ስስ ነው። «ለልጅ ሕመም እንጂ ለእናት ጭንቀት አይነሣም» አሉኝ። እውነቱን ልናገርና በልቤ ተቀየምኳቸው። ራስ ምታቷ ከባሰ፣ ደጋግሞ ካስመለሳት፣ ለመንቃት ካስቸገረች ወይም ካንቀጠቀጣት በዚያው ሰዓት እንድመለስ ነግረው አሰናበቱን። ያን ሌሊት አጠገቧ ተኝቼ ትንፋሿን ስቆጥር አደርኩ።

ሌላ ጊዜ ብትወድቅና ሌላ ሐኪም ቤት ብትሄድ ያንኑ መስመር ስብራት እንዳይሉት፣ ፊልሙን ከልደት ወረቀቷ ጋር አኑሬዋለሁ። የደረጃውን ነገርም ለባለቤቴ ነገርኩት። ልጅቷ እንደሆን መስተዋት ፊት ቆማ ግንባሯን በጣቷ እየዳበሰች «እማዬ፣ የቱ ጋ ነው?» ትለኛለች።