ላፕቶፓችን እንዴት ቀዘቀዘ?

የትምህርት ቤታችን ተማሪዎች፣ ከእናንተው መካከል ወጥተን ዛሬ ናይሮቢ የምንገኝ አምስት ልጆች ገንዘብ አዋጥተን አንድ ያገለገለ ላፕቶፕ ገዝተናል። ለመጪው የትምህርት ዘመን ወደ ካኩማ እንልክላችኋለን። እስከዚያው ላቪንግተን፣ አክስቴ በምትሠራበት ግቢ ጓሮ ባለችው ክፍል፣ እኔ ዘንድ ይገኛል።

ችግሩ ሙቀቱ ነበር። አክስቴ አንድ ቀን ከሥሩ እጇን ሰድዳ «አንተ ልጅ፣ በዚህ ላይ ጀበና ብንጥድ አይሻልም?» አለችኝ። ናይሮቢ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስላለች በሐምሌ ሹራብ ታስለብሳለች። ላቪንግተን ላይ እንዲህ የጋለ ዕቃ የካኩማን ቀትር እንዴት ሊችለው ነው?

በቅድሚያ የተጠራቀመውን አቧራ አጸዳን፤ በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል የደረቀውንም ቅባት በአዲስ ተካን። ተሻለው፤ ግን ከባድ ሥራ ሲሰጠው አሁንም 97 ዲግሪ ይደርስ ነበር። ውስጡ ያለው ስምንተኛው ትውልድ ኢንቴል ኮር አይ5 ነው። 100 ዲግሪ ሲደርስ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል።

የቀረው መንገድ የፕሮሰሰሩን ቮልቴጅ ዝቅ ማድረግ ነበር። ፊዚክስ የምትማሩ ልብ በሉ፦ ፕሮሰሰር ሲሠራ የሚፈጀው ኃይል ከቮልቴጁ ካሬ ጋር ይወጣል፣ ይወርዳል። 1 ቮልት የነበረውን በ80 ሚሊቮልት ብንቀንሰው 0.92 ይሆናል፤ 0.92 በራሱ ሲባዛ 0.85 ገደማ ነው። ፍጥነቱ ሳይነካ 15 በመቶ ያህል ኃይል ተረፈ ማለት ነው። ሙቀት የሚሆነውም ይኸው ኃይል ነው።

ለመሆኑ ትርፉ ከየት መጣ? ከአንድ ፋብሪካ የሚወጡ ፕሮሰሰሮች ሁሉ እኩል ብርቱ አይደሉም። ደጋሽ ለየእንግዳው ሆድ እየለካ አያቀርብም፤ እንዳያንስ ብሎ ያበዛል። ፋብሪካውም ደካማው እንዳይሳሳት ለሁሉም ጨመር አድርጎ ይሰጣል። የእኛው ምን ያህል ትርፍ እንዳለው የሚታወቀው በመሞከር ብቻ ነው።

ለዚህም ስሮትልስቶፕ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ተጠቀምኩ። የፕሮሰሰሩን እምብርትና የካሹን ቮልቴጅ እኩል፣ አሥር አሥር ሚሊቮልት እያልኩ ቀነስኩ፤ በየደረጃውም አንድ ሰዓት ከባድ ሥራ ሰጠሁት። 110 ላይ ስክሪኑ ሰማያዊ ሆኖ ቆመ። አጥፍቼ ሳበራው ግን ምንም እንዳልሆነ ተነሣ። ምክንያቱም ቁጥሩ የሚቀመጠው መብራት ሲጠፋ በሚረሳ ቦታ ነው፤ ማሽኑ እንደ አዲስ ሲነሣ ወደ ፋብሪካው ቮልቴጅ ይመለሳል። ብዙ ሰው ይህን መርሳቱን እንደ ጉድለት ይቆጥረዋል። ለእኔ ግን ትልቁ መድኅን እርሱ ነው። ቁጥሩ ቢጸና ኖሮ የተሳሳተ ቁጥር ማሽኑን በተነሣ ቁጥር ይጥለው ነበር። ስለዚህ በ80 አንድ ሳምንት ሙሉ በእጄ እያስገባሁ ሠራሁበት፤ ከዚያ በኋላ ነው እንዲጸና ያደረግሁት።

የሚጸናው በዊንዶውስ ታስክ ሼጁለር ነው። ተጠቃሚው ሲገባ ስሮትልስቶፕን በሙሉ ሥልጣን እንዲያስነሣ ይታዘዛል። እዚህ ላይ አንድ የተደበቀ ነገር አለ። ሼጁለሩ ካልተነገረው በቀር ሥራውን የሚጀምረው ላፕቶፑ ሶኬት ላይ ሲሆን ብቻ ነው፤ ከሦስት ቀን በላይ የቆየውንም ያቆመዋል። ሰፈራችን መብራት በጠፋበት ማታ፣ በባትሪ ሲነሣ፣ ሙቀቱ ተመልሶ መጣ። ሁለቱንም ምልክቶች ካነሣሁ ወዲህ ግን ሳይዛነፍ ይሠራል። በሶላር ለምትጠቀሙት ለእናንተ ይህ ከሁሉ ይበልጣል። ፕሮግራሙ ከበስተጀርባ ክፍት እስከሆነ ድረስ ላፕቶፑ ተኝቶ ሲነቃም ቁጥሩን መልሶ ያስገባል።

ይህን በሌላ ላፕቶፕ የምትሞክሩ ተቆልፎ ብታገኙት አትደነቁ። በታኅሣሥ 2019 እ.ኤ.አ. የበርሚንግሃም፣ የግራትስና የሌቨን ዩኒቨርሲቲዎች ተመራማሪዎች ቮልቴጅን በመቀነስ ፕሮሰሰሩን አሳስቶ የተቆለፈ ምሥጢር ማውጣት እንደሚቻል አሳዩ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ላፕቶፖች በባዮስ ማሻሻያ ተዘግተዋል። የእኛው ክፍት ነው።

አሁን በዚያው ከባድ ሥራ 86 ዲግሪ ላይ ይቆማል፤ ማራገቢያውም ጩኸቱን ቀንሷል። አክስቴ ጀበናውን ወደ ከሰሉ መልሳለች። ለካኩማ ሙቀት ስል ቅነሳውን ከ80 ወደ 65 አሳንሼዋለሁ። ዊንዶውስ እንደገና ከተጫነ ግን ሁሉም ይጠፋል። ኃላፊ የሚሆነው ተማሪ እንዳይቸገር ቁጥሮቹንና የሼጁለሩን ሁለት ምልክቶች በወረቀት ጽፌ ከላፕቶፑ ሥር ለጥፌአለሁ።