ተጠያቂው መምህር

በእኛ በጎጃም ሰላምታ አንድ ጊዜ ተብሎ አይቀርም። «እንዴት ሰነበትህ?» ይባላል፤ «እግዚአብሔር ይመስገን» ይመለሳል። ስለ ልጆቹ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናቡ ተጠይቆ ሲያበቃ «አንተስ እንዴት ነህ?» ተብሎ እንደገና ይጀመራል። የከተማ ሰው «አሁን አልነገርኩህም?» እያለ ይስቃል። እኔም አዲስ አበባ ከከረምኩ ወዲህ ከሳቂዎቹ ነበርኩ።

በቅርቡ ደብረ ማርቆስ ሄጄ ነበር። ለመምህራንና ለርእሰ መምህራን ስለ መንፈስ እርጋታ ሥልጠና ተዘጋጅቶ፣ እኔም (የቀድሞ መምህር ተብዬ) ከሰዓት በኋላ ስለ ንባብ ጥቂት እንድናገር ተጋብዤ። አሠልጣኙ ትሑት ወጣት ነው። ጆን ካባት ዚን የተባለ አሜሪካዊ በ1979 እ.ኤ.አ. በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ለሕሙማን የጀመረው የ8 ሳምንት ልምምድ ዛሬ መማሪያ ክፍል ድረስ መግባቱን ነገረን። ከዚያ ዓይናችሁን ጨፍኑ፣ ትንፋሻችሁን ብቻ ተከተሉ አለን።

ላሾፍ ዳድቶኝ ነበር፤ ተውኩት። ዋሸራንና ጎንጅን ባፈራ አገር፣ የቅኔ ተማሪ ዛፍ ሥር ለብቻው ተቀምጦ ቅኔ በሚቆጥርበት አገር፣ ዝም ብሎ መቀመጥ ባዕድ ነው ማለት አይቻልም። ጨፈንኩ። ሰረቅ አድርጌ ሳይ ግን አጠገቤ የተቀመጠው ርእሰ መምህር፣ የድሮ ተማሪዬ፣ ዓይኑን እንዳፈጠጠ ነው።

ለሻይ ወጣን። የጦስኝ ሻይ ይዘን ፀሐይ ላይ ቆምን። «እንዴት ነህ?» አልኩት። «ይመስገን ጋሼ።» ስለ ትምህርት ቤቱ ጠየቅኩት። በ2015 ዓ.ም ክረምት በክልሉ ጦርነት ከተነሣ በኋላ ሲዘጋና ሲከፈት መክረሙን ነገረኝ። ስለ ውጤትም አወራን። ከ2014 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ፣ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ ነበሩ። ቁጥሩ የአገር ነው፤ ስብሰባ ላይ የሚቆጠረው ግን በርእሰ መምህሩ ራስ ላይ ነው።

«አንተስ?» አልኩት፣ ሳላስበው።

ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«ዓይኔን ስጨፍን የስም መጥሪያው ይመጣብኛል ጋሼ። መምህር ሲጎድል እኔ ነኝ ገብቼ የምጠራው። ስጠራ ዝም ይላል። አንዷ ተድራ ነው፤ አንዱ ተሰዶ ነው። አንዳንዱንማ የት ሄደ ብዬም አልጠይቅ።»

እናላችሁ፣ አንድ ነገር ትዝ ብሎኝ አፈርኩ። በ2016 ይኸው ሰው ደውሎልኝ ነበር። ስለ መንገዱ፣ ስለ ኑሮ ውድነቱ፣ ስለማውቃቸው ሰዎች ጠየቅኩት፤ ሁሉንም መለሰ። ከዚያ ዝም አለ። እኔ ሆዬ «አይዞህ፣ ያልፋል» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። የደወለው ለመጠየቅ ነበር። ፊደላችን አይለየውም እንጂ፣ «ጠ» ላልቶ ሲነበብ ጠያቂው እሱ ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ ግን የሚጠየቀው እሱ ነው። እኔ፣ ስንት ዓመት ስለ መጥበቅና መላላት ያስተማርኩት ሰውዬ፣ አላልቼ ሰማሁት።

ሌላም ቃል አለን፤ «ተጠያቂ»። መምህሩን ተጠያቂ ያላደረገ ግምገማ አላውቅም። መምህሩን የጠየቀ ግምገማም አላውቅም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. በሥራ መዛልን ሲተረጉም በሽታ አላለውም፤ በቅጡ ካልተያዘ የሥራ ቦታ ጫና የሚመጣ ነው ያለው። ትንፋሽ መከተሉ ደግ ነው፤ እኔም ማታ ማታ ጀምሬዋለሁ። ጫናውን የጫነው ክፍል ግን ማን ዓይኑን አስጨፍኖ ያሳስበው?

«ፍቅር እስከ መቃብር»ን ለብዙ ዓመታት አስተምሬያለሁ። በዛብህን አፍቃሪ፣ ስደተኛ፣ ባለ ስለት እያልኩ ስተነትን ኖሬ፣ ፊታውራሪ መሸሻ ቤት የገባው በመምህርነት መሆኑን ከታሪኩ መሸጋገሪያ አስበልጬ አይቼው አላውቅም። በዚያ ቤት ሰብለ ወንጌል መማሯ እንጂ፣ አስተማሪዋ ልቡ ውስጥ ምን ይዞ እንደሚያድር የማን ጉዳይ ነበር?

ከሰዓት በኋላ ስለ ንባብ ያልኩትን ብዙም አላስታውሰውም። ሲመሽ የጮቄ ብርድ መውረድ ጀምሮ፣ ተማሪዬን መናኸሪያ ድረስ ሸኘሁት።

«እርስዎስ ጋሼ፣ እንዴት ነዎት?» አለኝ።

«ይመስገን» አልኩት።

አልሄደም። ቦርሳውን መሬት አስቀምጦ እንደገና ጠየቀኝ።