ከፀዳ እስከ ባሕር ማዶ

ከፀዳ ወደ ጎንደር ስንሄድ አዘዞን እናልፋለን። የአውሮፕላን ማረፊያው እዚያው አዘዞ ነው። ልጃችን ለትምህርት ባሕር ማዶ ሲሄድ የምንሸኘው በዚሁ መንገድ ነው። እናት በርበሬውን፣ ሽሮውን፣ ጋቢውን ታሰናዳለች። ደግ ነው። ወረቀቱንስ ማን አየው?

ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ የተወለዱት ጎንደር ነው። በ1860 ዓ.ም. ገና ሕፃን ሳሉ ከመቅደላ ወደ ህንድ ተወሰዱ። በሰው አገር ስማቸው ቻርልስ ማርቲን ተባለ። ከዘመዶቻቸው ጋር የተገናኙት ሐኪም ሆነው ወደ አገራቸው ሲመለሱ ነው።

አያችሁ፣ ስም ቀላል ነገር አይደለም! በልደት ምስክር ወረቀት፣ በትምህርት ማስረጃና በፓስፖርት ላይ ስሙ በአንድ ፊደል እንኳ አይለያይ። የፈረንጅ ዘመን ከእኛ በ7 ወይም በ8 ዓመት ይቀድማል። ስለዚህ የልደቱ ዓመት ብቻ ሳይሆን ወሩና ቀኑም በትክክል ይለወጥ። የሁሉም ወረቀት ቅጂ ቤት ይቅር።

እኛም ዛሬ ማንበብ ጀምረናል። ሻንጣው ሳይዘጋ አብረን እንቀመጥ። የፈረንጁን ፊደል ልጁ ያንብብልን፤ የአማርኛውን እኛ እናንብብለት። ከዚያ በኋላ መርቀን እንሸኘው።