ሁለት ክብ፣ ሰባት ጭረት

ከስድስት ኪሎው የየካቲት 12 ሐውልት ጀርባ፣ አንዲት ጠባብ ቅያስ ውስጥ፣ ጣሳ በእንጨት ጫፍ የተደፋበት በር አለ። ሌላ ምልክት የለውም፤ ጠላ አለ ማለት ነው። ጎንበስ ብለን ስንገባ ወይራ የታጠነው ጋንና ጌሾው ይቀበሉናል። አግዳሚው አንድ እግር ጎድሎት በድንጋይ ተደግፏል። ዳር የተቀመጠው ሳይናገር ከተነሳ ሁላችንም ቄጠማው ላይ ነን።

እትዬ ፊደል አልቆጠሩም። ዱቤያችንን ግን በከሰል ግድግዳው ላይ ይይዛሉ፤ ለቀጭኑ ዱላ፣ ለወፍራሙ እንስራ፣ ለባለመነጽሩ ሁለት ክብ። ከሥሩ በየጣሳው አንድ ጭረት። እኛ ፊደል የቆጠርነው የሌክቸር ማስታወሻችንን እንዲህ አንይዝም።

ባለመነጽሩ ኅዳር ላይ አባቱ ሞተው አገሩ ገባ። ቤታቸው በሬ የሚጠምድ ሌላ ወንድ የለም። በዚያው ቀረ።

ለፋሲካ ቤቱ ኖራ ሊቀባ ነው ተብሎ ሁላችንም ሒሳባችንን ዘጋን። የሱንም እንክፈል ብለን ሳንቲም አዋጣን። እትዬ ተቆጡ።

«እናንተ ምን አገባችሁ? ራሱ መጥቶ ይከፍላል!»

ከበዓሉ በኋላ ስንመለስ ግድግዳው ነጭ ሆኗል። ማዕዘኑ ጋ ብቻ፣ አንድ ክንድ የማይሞላ ቦታ፣ ብሩሽ አልነካውም።