ቀዩ ስም

ስለ ፊደል መልክና ቀለም መጻፍ ለአንዳንዱ አንባቢ ሥራ የመፍታት ምልክት መስሎ ሊታየው ይችላል። እኛም እስከ 2017 ዓ.ም. ድረስ የምናስበው እንዲሁ ነበር። ቁም ነገሩ ቃሉ ነው፤ ቃሉ የሚለብሰው ልብስ ግን የአታሚ ጉዳይ ነው እንል ነበር። ይህን አስተሳሰብ ያስጣለን በክፍል ውስጥ የሰማነው ትምህርት ሳይሆን፣ በካዛንቺስ በአንድ እድር ስብሰባ ላይ የፈጸምነው ጥፋት ነው። ጥፋቱ የራሳችን ስለሆነ ሳንደብቅ እንጽፈዋለን።

ካዛንቺስ ስሙ ራሱ ልብሱን የለወጠ ቃል ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት የሚያሠራው ድርጅት በምኅጻረ ቃል «ኢንቺስ» ይባል ነበርና፣ ቤቶቹ «ካዜ ኢንቺስ» ተባሉ። ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተባሮ ሲወጣ ቃሉ በእኛ አፍና በእኛ ፊደል ቀረ፤ ካዛንቺስም ሆነ። እኛ በዚህ ሠፈር በአንድ ግቢ ያደግን ሁለት የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ነን። በልጅነታችን ሐምሌ 19 ቀን ለቂርቆስ ንግሥ በእናቶቻችን እጅ ተይዘን የወረድን፣ ድንኳን በተተከለበት ሁሉ ወንበር ያመላለስን የሠፈሩ ልጆች ነን።

በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ የግቢያችን ሰዎች ተበተኑ። ከፊሉ ወደ ገላን ጉራ ሄደ፤ ከፊሉም ወደ ሌላ ሠፈር። ስለ መፍረሱ ብዙ ተብሏልና እኛ አንደግመውም። የእኛ ጉዳይ የእድሩ መዝገብ ነው። እድሩ ድንኳን፣ ወንበር፣ ብረት ድስት፣ በባንክም ጥቂት ገንዘብ ነበረው። ነገር ግን ከሁሉ የሚበልጠው ሀብቱ በጥቁር ጨርቅ የተለበጠው ትልቁ መዝገብ ነበር። በውስጡም ማን አባል እንደሆነ፣ ማን ወርኃዊ መዋጮውን እንደከፈለ፣ ማን እንደሞተና ለሐዘኑ ምን እንደተሰጠ ተጽፏል። የእድሩ ጸሐፊ ጠሩንና፣ «ልጆቼ፣ ዩኒቨርሲቲ ገብታችኋል። ይህን መዝገብ ኮምፒዩተር ላይ አውጡልኝ፤ ሰው በሄደበት ሁሉ ቅጂውን ይዞ ይሂድ» አሉን። እኛም «እሺ ጋሼ» ብለን መዝገቡን በሁለት እጃችን ተቀበልን።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናዘዝ አለብን። ሥራውን በተዘጋጀ ሠንጠረዥ ላይ ብንሠራው በሁለት ሌሊት ባለቀ ነበር። ዳሩ ግን በአምስት ኪሎ ምሕንድስና የሚማር ጓደኛችን ሲ የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ሊያስተምረን ጀምሮ ነበርና፣ የተማርነውን ለማሳየት ጓጓን። ሲን የፈጠረው ዴኒስ ሪቺ ነው፤ በ1972 እ.ኤ.አ. አካባቢ በአሜሪካ ቤል ላቦራቶሪ። ይህን ያህል ዘመን የቆየ ቋንቋ አንድ የእድር መዝገብ ለማውጣት አያንስም ብለን ተነሣን።

የመጀመሪያው ትምህርታችን መሣሪያው ፊደል እንደማያውቅ ነበር። የሚያውቀው ቁጥር ብቻ ነው። የዓለም ፊደላት ሁሉ የየራሳቸው ቁጥር እንዲኖራቸው በተዘጋጀው ዩኒኮድ በሚባለው ሥርዓት የእኛ ፊደል የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው በ3.0 እትም ነው። ዩቲኤፍ 8 በሚባለው አጻጻፍ አንድ የላቲን ፊደል አንድ ባይት ቦታ ሲይዝ አንዱ የእኛ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል። ስለዚህ ስትርሌን የሚባለውን የሲ መቁጠሪያ «ሰላም ስንት ነው?» ብለን ብንጠይቀው «ዘጠኝ» አለን። ሦስት ፊደል ያየነው እኛ ነን፤ እርሱ የሚቆጥረው ባይት ነው።

ይህ ነገር በስም ዝርዝር ላይ ምን እንደሚያደርግ ያየነው በዚያው ሌሊት ነው። ዓምዱ እንዲስተካከል ለእያንዳንዱ ስም 20 ቦታ ሰጠን፤ የተረፈውም ይቆረጥ አልን። ለምሳሌ ወልደ ገብርኤል የሚባል ስም በእኛ ዓይን ስምንት ፊደልና አንድ ክፍት ቦታ ነው። በባይት ግን 25 ስለሚሆን መቀሱ በ«ኤ» ፊደል መካከል አረፈበት። በመስኮቱ ላይ የታየው «ወልደ ገብር» የሚል ስምና በጎኑ አንድ የጥያቄ ምልክት ነበር። የመልአኩ ስም ተቆርጦ «ገብር!» የሚል የጭሰኛ ትእዛዝ ሆነ። እስክንደክም ሳቅን። ከዚያ በኋላ ባይትን ትተን ፊደልን የሚቆጥር የራሳችንን መቁጠሪያ ጻፍንና ዓምዱ ቀጥ አለ።

ቀጥሎ ወደ ማስጌጡ ገባን። እዚህም የገረመን ነገር አለ። የሲ ቋንቋ በራሱ ስለ ቀለም፣ ስለ ደማቅ ጽሕፈት ወይም ስለ ፊደል ዓይነት አንዳች አያውቅም። ቀድሞ ቱርቦ ሲ በሚባለው የቦርላንድ መሣሪያ ቀለም መቀየሪያና የፊደል ዓይነት መምረጫ ትእዛዞች ነበሩ፤ እነርሱም ቢሆኑ መሣሪያውን የሠራው ኩባንያ የጨመራቸው ናቸው እንጂ የቋንቋው አካል አልነበሩም። ዛሬ በብዙ መስኮቶች የሚሠራው ዘዴ ከጽሑፉ መካከል ምልክት መላክ ነው። ኢስኬፕ የሚባለው 27 ቁጥር ምልክት ይቀድማል፤ የካሬ ቅንፍ መክፈቻ ይከተላል፤ ከዚያ አንድ ቁጥርና ኤም የምትባለው የላቲን ፊደል ይመጣሉ። ቁጥሩ 1 ከሆነ ጽሑፉ ይደምቃል፤ 4 ከሆነ ይሰመርበታል፤ 31 ከሆነ ይቀላል፤ 32 አረንጓዴ ያደርገዋል፤ 0 ሁሉን ወደ ነበረበት ይመልሳል። ዜሮውን የረሳ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ሁሉ ቀይ እንዳደረገ ይቀራል፤ እኛም ረስተን አይተነዋል። የፊደሉን ዓይነትና መጠን ግን በዚህ መንገድ መለወጥ አይቻልም፤ እርሱ የመስኮቱ ባለቤት ምርጫ ነው። በአጭሩ ፕሮግራሙ ይለምናል እንጂ አያዝዝም። «እባክህ ይህን ስም አቅላው» ብሎ ይልካል፤ የሚያቀላው ወይም የማያቀላው ሌላ ነው።

ደማቁን ጽሕፈት ሞክረን ተውነው። ብዙዎቹ የአማርኛ የፊደል ዓይነቶች ለብቻው የተቀረጸ ደማቅ መልክ የላቸውም፤ ለምሳሌ ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር የመጣው ኒያላ አንድ መልክ ብቻ ነው ያለው። ስለዚህ ኮምፒዩተሩ ያንኑ ቀጭን ፊደል በግድ ያወፍረዋል። ያን ጊዜ በትንሽ መጠን የ«ቤ» ቀለበት ይደፈንና ከ«ቢ» እግር ጋር ይመሳሰላል። ለእኛ ፊደል እንዲህ ያለ ነገር የውበት ጉድለት ብቻ አይደለም፤ አናባቢውን ያጠፋል። ፊደል ማጋደልም በእኛ ዘንድ ከውጭ የመጣ ልማድ ነው። የብራና ጸሐፊዎቻችን አንድን ቃል ከፍ ለማድረግ ሲፈልጉ ፊደሉን አላጋደሉም፤ ቀለሙን ለወጡ። የአምላክን፣ የእመቤታችንንና የቅዱሳንን ስም፣ የምዕራፍንም መጀመሪያ በቀይ ጻፉ።

ጥፋታችን የተወለደው ከዚህ ዕውቀት ነው። ቀይ የክብር ቀለም ነው ብለን፣ የከፈሉትን በአረንጓዴ፣ መዋጮ የቀረባቸውን በቢጫ፣ ያረፉትን በቀይ እንዲጽፍ ፕሮግራሙን አዘዝነው። ሙታኖቻችንን እንደ ቅዱሳን ያከበርናቸው መስሎን በሥራችን ኮራን።

ስብሰባው የተደረገው ለመጨረሻ ጊዜ በተተከለው የእድሩ ድንኳን ውስጥ ነው። ኮምፒዩተሩን ከአንድ ጎረቤት ቴሌቪዥን ጋር አያያዝነውና ስሞቹ ከላይ ወደ ታች ይወርዱ ጀመር። በመጀመሪያ ሰዉ አጨበጨበ። ጥቂት ቆይቶ ግን ጉርምርምታ ተሰማ። ከፊት ረድፍ የተቀመጡ አንዲት እናት ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡ። ባለቤታቸው ካረፉ ጥቂት ዓመታት ሆኗቸዋል፤ እርሳቸው በቦታቸው ተተክተው ይከፍላሉ።

«እናንተ ልጆች፣ የባለቤቴ ዕዳ ስንት ነው?» አሉን።

«ምንም ዕዳ የለባቸውም እማማ» አልን።

«ታዲያ ስሙን ለምን በቀይ ጻፋችሁት? በሕይወት ሳለ አንድ ወር አሳልፎ አያውቅም። ከሞተ በኋላ ነው ባለዕዳ የሚሆነው?»

ድንኳኑ ጸጥ አለ። እኛም የተማርነውን አነሣን፤ በብራና መጻሕፍት ቀይ ቀለም የክብር ምልክት እንደሆነ፣ ቅዱሳን ስሞች በእርሱ እንደሚጻፉ ለማስረዳት ሞከርን። እናትየው በትዕግሥት ሰሙንና፣ «እርሱ የቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ ነው ልጆቼ፤ ይህ የእድር መዝገብ ነው» ብለው ተቀመጡ።

ጋሼ መዝገቡን ገለጡልን። እውነትም መዋጮ የቀረበት ሁሉ ለብዙ ዓመታት በቀይ እስክሪብቶ ሲጻፍ ኖሯል። እኛ ስሞቹን ስንገለብጥ ቀዩን አይተነዋል፤ ዳሩ ግን በእጃችን ያለው እስክሪብቶ ሲያልቅ የተነሣ ሌላ እስክሪብቶ ነው ብለን አልፈነዋል። መዝገቡን ከዳር እስከ ዳር ብንፈልግ «ቀይ ማለት ዕዳ ነው» የሚል አንድ መስመር እንኳ አላገኘንም። ማን ይጽፈዋል? ሁሉም ያውቀው ነበር። አባት ለልጅ፣ ጎረቤት ለጎረቤት ሳይነግረው፣ በየወሩ እሑድ በመዝገቡ ላይ ሲያጎነብስ ያወቀው ነገር ነው። የቀለሙ ትርጉም ያለው በመዝገቡ ውስጥ ሳይሆን በዙሪያው በሚቀመጡት ሰዎች ውስጥ ነበር።

በዚያ ሌሊት እንቅልፍ የነሣን የእናትየው ቁጣ አልነበረም፤ ያን ያህልም አልተቆጡንም። ያሳሰበን ሌላ ነው። ሰዎቹ ሊበተኑ ጥቂት ቀናት ቀርተዋቸዋል። በገላን ጉራ አንድ ልጅ ከብዙ ዓመት በኋላ ይህን መዝገብ ቢከፍት ቀዩ ምን እንደሆነ ማን ይነግረዋል? ቅጂው በየፎቶ ኮፒ ቤቱ ሲባዛ ደግሞ ቀዩም ጥቁር ይሆናል፤ ባለዕዳውና የከፈለው፣ በሕይወት ያለውና የሞተው አንድ መልክ ይይዛሉ። የእኛንም ፕሮግራም ውጤት ወደ ፋይል ስንልከው ቀለሙ ጠፍቶ በየስሙ ፊት የካሬ ቅንፍና 31 ቁጥር ተደርድረው ተገኙ። ልመናውን የሚሰማ መስኮት ከሌለ የሚቀረው የልመናው ድምፅ ብቻ ነው።

ስለዚህ ሥራውን ከጋሼ ጋር ተቀምጠን እንደገና ጀመርነው። መዋጮ የቀረበት ሰው ከስሙ ቀጥሎ «ቀሪ» ተብሎ የገንዘቡ ልክ በቁጥር ተጻፈ። ያረፈው ሰው እንደ ማንኛውም ጎረቤት በጥቁር ተጽፎ፣ ከጎኑ «ነፍስ ይማር» የሚል ቃል ተጨመረለት። ቀዩንም ጨርሰን አልጣልነውም። ጽሑፉ ወደ መስኮት ሲወጣና ወደ ፋይል ሲሄድ የሚለይ ኢዝ ኤ ቲ ቲ ዋይ የሚባል መጠየቂያ አለና፣ ሰው በዓይኑ በሚያየው መስኮት ላይ ብቻ «ቀሪ» የሚለው ቃል ይቀላል። በመጀመሪያው ገጽ አናት ላይ ደግሞ ጋሼ በቃል የነገሩንን አንድ መስመር አሰፈርን፤ «በአሮጌው መዝገብ ቀይ ቀለም ያልተከፈለ መዋጮ ማለት ነው፤ ነውር ማለት አይደለም» ይላል። የመጨረሻዎቹን ሦስት ቃላት ያስጨመሩን እርሳቸው ናቸው። ችግር የሌለበት ቤት እንደሌለ፣ በደርግም ዘመን ከዚያም ወዲህ ቀይ ያልነካው ስም ጥቂት እንደሆነ ነገሩን።

ቅጂዎቹን ያደልን ቀን እናትየው መጡ። መነጽራቸውን አድርገው የባለቤታቸውን ስም በጣታቸው ፈለጉ፤ አገኙት፤ ከጎኑ ያለውንም ቃል ድምፅ አውጥተው አነበቡ። «አሁን ገና ጻፋችሁት» አሉን። ወረቀቱንም አጥፈው ከነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ሄዱ።

ውድ አንባቢያን፤ ይህችን መጽሔት ስንት ጊዜ ስለ ዘመናዊነትና ስለ ልማድ ተከራክረንባታል። እኛ ከዚህ ነገር የተማርነው ትንሽ ነው። የፊደል መልክ ውል ነው፤ ውል ደግሞ ተዋዋዮቹ አንድ ላይ እስካሉ ድረስ ሳይጻፍ ይጸናል፤ ሲለያዩ ግን በቃል መስፈር አለበት። ኮምፒዩተሩ ቀዩን ሊያደርስልን ይችላል፤ ቀዩ ምን ማለት እንደሆነ ግን እርስ በርሳችን መነጋገር የእኛ ፋንታ ነው። መጽሔታችን የምትባዛው በአንድ ቀለም ስለሆነ ያን በድንኳኑ ውስጥ ያየነውን ቀይ ስም ልናሳያችሁ አልቻልንም። በቃል ነገርናችሁ።