ከቆጣሪው ወዲህ

ኤሌክትሪክ ወደ አንድ መኖሪያ ቤት ሲገባ ሁለት ኃላፊዎች አሉት። ከምሰሶው እስከ ቆጣሪው ድረስ ያለው መሥመር የመሥሪያ ቤቱ ድርሻ ነው፤ ከቆጣሪው ወዲህ ያለው ግን የቤቱ ባለቤት ድርሻ ነው። በኢትዮጵያ ይህን ተግባር የሚመራው መሥሪያ ቤት ስሙ በየጊዜው ተለዋውጧል። በ1948 ዓ.ም. የመብራትና ኃይል ባለሥልጣን ሆኖ ተቋቋመ፤ በ1989 ዓ.ም. ኮርፖሬሽን ተባለ፤ በ2006 ዓ.ም. ደግሞ ለሁለት ተከፍሎ ኃይል የማመንጨቱና የማስተላለፉ ሥራ ለአንዱ፣ ለደንበኞች የማዳረሱ ሥራ ለሌላው ተሰጠ። ሕዝቡ ግን ዛሬም ቢሆን «መብራት ኃይል» ማለቱን አልተወም። በ1952 ዓ.ም. ተሠርቶ ያለቀው የቆቃ ግድብም ሆነ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የህዳሴ ግድብ የሚያመነጨው ኃይል ተራራና ሸለቆ አቋርጦ ከደጃፍ ይደርሳል። የመጨረሻዋን አሥር ወይም ሃያ ሜትር የሚጓዘው ግን አንድ የሰፈር ኤሌክትሪሽያን በግድግዳ ውስጥ በዘረጋው ሽቦ ነው። ይህችን አጭር መንገድ የሚመረምራት ሰው ብዙ ጊዜ አይገኝም።

በአዲስ አበባ ከተማ፣ በጉለሌ በኩል በሚገኝ አንድ መንደር፣ አንድ የቆየ የእንጨትና የጭቃ ቤት አለ። ቤቱ ሲሠራ መብራት የገባለት ለሦስት አምፖልና ለአንድ ራዲዮ ነበር። ከዚያ ወዲህ ቴሌቪዥን መጣ፤ ማቀዝቀዣ መጣ፤ ካውያ መጣ፤ ከጓሮ በኩል ሁለት የኪራይ ክፍሎች ተቀጠሉ፤ በመጨረሻም የኤሌክትሪክ ምጣድ ገባ። ቤቱ ሲያድግ ሽቦው አብሮ አላደገም። አዲስ ዕቃ በተገዛ ቁጥር አንድ ሰው ይጠራል፤ በቅርብ ካለው ሶኬት ላይ ይቀጥላል፤ ቅጥያውን በፕላስተር ይጠቀልላል፤ ሻዩን ጠጥቶ፣ ዋጋውን ተቀብሎ ይሄዳል። እንዲህ ያለው ቤት በከተማይቱ ውስጥ አንድ ብቻ አይደለም።

የቤቱ ባለቤት የሆኑት ወይዘሮ እንጀራ የሚጋግሩት ማክሰኞና ቅዳሜ ነበር። ምጣዱ ግሎ ሳለ ማቀዝቀዣው ከተነሣ፣ ወይም ተከራይዋ ካውያ ከሰካች፣ ከቆጣሪው አጠገብ ያለው ብሬከር ቷ ብሎ ይወርዳል። ሊጥ በምጣድ ላይ እንደተዘረጋ መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚሆን ጋግሮ የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል፤ እንጀራው ዓይን ሳያወጣ ይቀራል፤ ቢነሣም ለእንግዳ የሚቀርብ አይሆንም። አንድ ቅዳሜ ብሬከሩ ሦስት ጊዜ ቢወርድባቸው ወይዘሮዋ ተማረሩና ከሠፈሩ አንድ ወጣት አስጠሩ።

«ልጄ፣ እባክህ ይህ ነገር እንዳይወርድብኝ አድርግልኝ» አሉት።

ወጣቱም ባለ 16 አምፔሩን ብሬከር ነቅሎ ባለ 32 ተከለላቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ብሬከሩ አልወረደም። ወይዘሮዋም መረቁት።

በዚህ ወጣት ላይ መፍረድ ቀላል ነው። ይሁን እንጂ የታዘዘውን ፈጽሟል። «እንዳይወርድ አድርግ» ተባለ፤ እንዳይወርድ አደረገ። «ለምን ይወርዳል?» ብሎ ግን አልጠየቀም፤ ያዘዙትም ሴት እንዲጠይቅ አልፈለጉም። ብሬከር የሽቦ ዘበኛ ነው። የቤቱን ዕቃ ሳይሆን በግድግዳው ውስጥ የተቀበረውን ሽቦ ይጠብቃል። ሽቦው ሊሸከመው ከሚችለው በላይ ኤሌክትሪክ ሲጫንበት መሥመሩን ይቆርጣል። ሒሳቡም ከባድ አይደለም። በኢትዮጵያ ቤቶች የሚገባው ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ነው። አንድ የእንጀራ ምጣድ 3,500 ዋት ያህል የሚፈልግ ቢሆን፣ 3,500 ለ220 ሲካፈል 16 አምፔር ገደማ ይሆናል። 1,000 ዋት የሆነ ካውያ ሲጨመርበት ከ20 አምፔር ያልፋል። በዚያ ቤት ግድግዳ ውስጥ የነበረው ሽቦ ግን ለአምፖል ተብሎ የተዘረጋ፣ ውፍረቱ 1.5 ሚሊ ሜትር ካሬ የሆነ ሽቦ ነበር። ስለዚህ ብሬከሩ በወረደ ቁጥር ዘበኛው «በቃ» እያለ ነበር። ወጣቱ ያደረገው ዘበኛውን አባርሮ በምትኩ እንቅልፋም ዘበኛ መቅጠር ነው።

አደጋው ከሁለት ወር በኋላ ደረሰ። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው ልጃቸው በጋገራ ስታግዛቸው እርጥብ እጇ የምጣዱን ብረት ቢነካው ኮረንቲ መታትና ወደ ኋላ ተስፈንጥራ ወደቀች። ልጅቷ ተረፈች፤ ክንዷ ግን ለብዙ ቀን ደንዝዞ ቆየ። በዚያው ምሽት ስፒናውን ነቅለው ቢያዩት ሶኬቱ ጠቁሯል፤ ከላዩ ያለውም የግድግዳ ምርጊት እጅ ሲያሳርፉበት ይሞቅ ነበር።

ይህ የሆነው በኅዳር ወር ነው። የበኩር ልጃቸው ሰርግ ደግሞ ለጥር ተቆርጦ ነበር። ወይዘሮዋ ከዕቁብ የደረሳቸውን ገንዘብ ቤቱን ቀለም ሊያስቀቡበት አስቀምጠውታል። አሁን ገንዘቡ ከሁለቱ ለአንዱ ብቻ የሚበቃ ሆነ። ዘመድ ሲመክር «ቀለሙን እንግዳ ሁሉ ያየዋል፤ ሽቦን ማን ያያል?» አለ። ነገሩ እውነት ነው፤ የኤሌክትሪክ ሥራ ካለቀ በኋላ በምርጊት ይሸፈናልና ጥሩውና መጥፎው አንድ ይመስላሉ። ሁለቱም አምፖል ያበራሉ። ልጅቷ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ወደ ማድ ቤት አልገባም ብላ ነበር። ወይዘሮዋን ያስቆረጣቸው ይኸው ነው።

ሁለት ባለሙያዎች በተለያየ ቀን መጥተው አዩላቸው። የመጀመሪያው ከደጃፍ ቆሞ ክፍሎቹን በጣቱ ቆጠረና ዋጋውን ነገራቸው፤ ዋጋውም ደኅና ነበር። ሁለተኛው አንድ ጎልማሳ ሰው ነው። ዋጋ ከመናገሩ በፊት ጥያቄ አበዛ።

«እትዬ፣ የሚወርደው መቼ መቼ ነበር? ተከራዮችዎ በምን ያበስላሉ? ከዚህ ቀደም የነበረው ብሬከር ስንት ነበር? ማን ለወጠው?»

ወይዘሮዋ በመጨረሻው ጥያቄ አፈሩ። «እኔው ነኝ ያስለወጥሁት፣ ወንድሜ» አሉ።

ሰውየው አልገሠጻቸውም። ካቻቢቴውን ከኪሱ አውጥቶ አንድ ሶኬት ለመፍታት ፈቃድ ጠየቀ። አስቀድሞ ቴስተሩን ኤሌክትሪክ ባለበት ሥፍራ ሞከረው፤ ቀጥሎ ዋናውን ማጥፊያ አወረደ፤ ከዚያም ሽቦውን እንደገና በቴስተሩ ነካ። ቴስተር ተበላሽቶ እንደሆነ የሚገድለውን ሽቦ ባዶ ነው ብሎ ይዋሻል፤ ስለዚህ ከመጠቀም በፊት መፈተን ያስፈልጋል። ይህን ለማድረግ ከአንድ ደቂቃ በላይ አልፈጀበትም። ሶኬቱን ሲያወጣው የሽቦው ልባስ እንደ ደረቅ ቅጠል ተፈረፈረ። ወይዘሮዋ ሰውየውን የመረጡት ያን ጊዜ ነው፤ ዋጋውን ገና አልሰሙም ነበር።

ዋጋውን ሲሰሙ ግን እንደማንኛውም ሰው ተከራከሩ። «ሽቦ ለመቀጠል ይህን ያህል?» አሉ። በእጅ ሥራ ላይ ዋጋ ማሳነስ የቆየ ልማድ ነው። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን በሙያው መስደብ በአዋጅ ከልክለዋል፤ አዋጁ ስድቡን ቢከለክልም «ሥራው ቀላል ነው» የሚለውን አስተያየት ከሰው ልብ አላወጣውም። ባለሙያው ከእጁ ዋጋ ጥቂት ቀነሰ፤ ከሽቦው ውፍረት ግን አልቀንስም አለ። ወይዘሮዋ ዕቃውን ራሳቸው በደረሰኝ ሊገዙ፣ የእጁም ዋጋ በሦስት ተከፍሎ የመጨረሻው ከፍተሻ በኋላ ሊሰጥ ተስማሙ። ስምምነቱን ልጅቷ በደብተር ወረቀት ላይ ጻፈችው፤ ሁለቱም ፈረሙበት።

ለዕቃ ግዢ መርካቶ አብረው ወረዱ። እዚያ ወይዘሮዋ ያልጠበቁትን ነገር አዩ። ባለሙያው የሽቦውን ጫፍ ላጥ አድርጎ በስለት ይፍቀው ነበር። ከላይ መዳብ መስሎ ውስጡ ነጭ ብረት የሆነ ሽቦ አለና። እንደዚሁም በላዩ የተጻፈው ቁጥርና ውፍረቱ የማይገናኝ አለ። በሦስተኛው ሱቅ የሚፈልገውን አገኘ።

ሥራው አራት ቀን ፈጀ። ለምጣዱ ከማከፋፈያ ሳጥኑ የሚነሣ፣ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ የሆነ የራሱ መሥመር ተዘረጋለት፤ ብሬከሩም ባለ 20 አምፔር ሆነ። ለሶኬቶች 2.5፣ ለአምፖሎች 1.5 የሆነ ሽቦ ገባ። የኪራይ ክፍሎቹ ለብቻቸው ተለዩ። ከቤቱ ጀርባ፣ የእጥበት ውሃ በሚፈስበት እርጥብ ሥፍራ፣ አንድ የመዳብ ዘንግ ወደ መሬት ገባ፤ ከእርሱም ቢጫና አረንጓዴ የሆነው የመሬት ሽቦ ተነሥቶ ከምጣዱ ብረት ጋር ተያያዘ። ልጅቷን የመታት የዚህ ሽቦ አለመኖር ነበር። ኤሌክትሪኩ ከተበላሸው ገመድ ወደ ብረቱ ሲያፈተልክ ወደ መሬት የሚወርድበት ሌላ መንገድ ስላልነበረው በእርሷ ሰውነት በኩል አለፈ። ከዚህም ሌላ ወደ መሬት የሚሾልከው ኤሌክትሪክ 30 ሚሊ አምፔር ሲደርስ መሥመሩን በቅጽበት የሚቆርጥ ብሬከር ተጨመረ። በላዩ ትንሽ የመሞከሪያ ቁልፍ አለ፤ ባለሙያው ይህን ቁልፍ በየወሩ እንድትጫን ለልጅቷ አደራ ሰጣት።

ምርጊት ሠሪው በመጣ ጊዜ ወይዘሮዋ አንድ ቀን እንዲታገሥ ለመኑት። በዚያ ቀን ልጅቷ በተከፈተው ግድግዳ ፊት ቆማ ሽቦው በየት በኩል እንደሚያልፍ በወረቀት ላይ ነደፈች፤ ከመሬት ስንት ክንድ ከፍ እንደሚል፣ የት ላይ እንደሚታጠፍ፣ የት ላይ እንደሚገናኝ። ለእናቲቱ ይህን ያሳሰባቸው ሥዕል ለመስቀል ምስማር የመቱበት ጊዜ ነበር፤ ምን እንደሚወጉ ሳያውቁ መምታታቸው አሁን ትዝ አላቸው። ባለሙያው ወረቀቱን አይቶ ሁለት ቦታ አረመላት፤ ከታችም ቀኑን ጻፈበት። ከዚያ በኋላ ግድግዳው ተመረገ።

ቀለሙ ለሳሎኑ ብቻ በቃ። የቀሩት ክፍሎች ኖራ ተቀቡ። በሰርጉ ዋዜማ ምጣዱ ከጠዋት እስከ ሌሊት ሲጋገርበት ዋለ፤ በድንኳኑ ውስጥ የተሰቀሉት አምፖሎችና የሙዚቃው መሣሪያ ግን ከሌላ መሥመር ነበሩ። እንጀራውን ስታወጣ ያመሸችው ልጅቷ ናት። ስለ ኖራው አንዳንድ ሰው ሳያነሣ አልቀረም።

በተከታዩ ዓመት ወይዘሮዋ አንድ ክፍል ጨመሩ። የቀድሞው ባለሙያ ሥራ ይዞ ወደ ክፍለ ሀገር ሄዶ ስለነበር ሌላ ሰው ተጠራ። ሰውየው ፒንሳውን አውጥቶ ግድግዳውን ሲያንኳኳ ወይዘሮዋ ከቤቱ ካርታ ጋር ያስቀመጡትን ወረቀት አምጥተው ከፊቱ ዘረጉለት። ረዘም ላለ ጊዜ ተመለከተው። ከዚያም ፒንሳውን መልሶ ከቦርሳው አስገባና፣ «እትዬ፣ መጀመሪያ ማከፋፈያ ሳጥኑን ያሳዩኝ» አለ።