ጨንቻና የቋንቋ ነገር

ከአርባ ምንጭ ተነሥተን የጋሞን ተራራ በወጣን ጊዜ የአባያና የጫሞ ሐይቆች ከበታቻችን ቀሩ። የዶርዜን የቀርከሃ ቤቶች አልፈን ከቀትር በኋላ ጨንቻ ደረስን። ጉሙ ወርዶ ብርዱም ጸንቶ ነበር።

በገበያው አንዲት አሮጊት እናት እጃችንን ይዘው በጋሞኛ ተናገሩን። እኛም ገንዘብ የሚለምኑ መስሎን ፊታችንን አዞርን። በአዲስ አበባ በሽሮ ሜዳ የሠራ አንድ ሸማኔ ግን ቃላቸውን ተረጐመልን፤ «እንግዶች ናችሁና ብርዱ እንዳይጐዳችሁ ከቤቴ ገብታችሁ እሳት ሙቁ» ማለታቸው ነበር። እጅግ አፈርን፤ ይቅርታም ጠይቀን ገባን።

ጨንቻ የገሙ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ በነበረችበት ዘመን ከሌላ አገር የመጣ ሹም የባላገሩን አቤቱታ በአስተርጓሚ ይሰማ ነበር። ሸማኔው እንጀራውን ፍለጋ ወጥቶ የእኛን ቋንቋ ተምሯል፤ እኛ ግን የእርሱን ሰላምታ እንኳ አናውቅም።

በበዓለ ሃምሳ መንፈስ ቅዱስ በወረደ ጊዜ የተሰበሰቡት ሕዝብ ሁሉ አንድ ቋንቋ እንዲናገሩ አልተገደዱም፤ እያንዳንዱ በተወለደበት ቋንቋ ሰማ እንጂ። ወደ ሕዝቡ ቋንቋ የሄዱት የተላኩት ሐዋርያት ናቸው። ይህም በሐዋርያት ሥራ በምዕራፍ 2 ተጽፎ ይገኛል።

ስለዚህ ለሥራ ወደ ሰው አገር የምንላክ ሁሉ አስቀድመን የአገሩን ሰላምታ እንማር፤ ለልጆቻችንም እናስተምር። ያልገባንንም ቃል ክፉ ነው ብለን አንተርጕም።